በበርጩማ ላይ የተማርኩት ስፓኒሽ

«ምላስሽ ፈጣን ነው። እዚህ ቤት ግን በምላስ አንሠራም» አለችኝ፤ ገና ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ።

የሥራ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ይህን ያለችኝ እትዬ ወርቅነሽ ናት፤ ሶዶ ውስጥ በነበረ አንድ የዓይን ሕክምና ጣቢያ የስፓኒሽ አስተርጓሚ። ጣቢያውን የሚረዱት ከስፔን የሚመጡ ሐኪሞች ነበሩ። ለዘመቻ ሲመጡ ግቢው በሰው ይጥለቀለቃል፤ ሲሄዱ ነርሶቹና የግቢው ድመት ይቀራሉ። እኔ የተቀጠርኩት በጽዳት ነው። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። ከጓደኞቼ ግማሾቹ ኮብልስቶን ይጠርባሉ፣ ግማሾቹ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ያወጣሉ። የጣቢያው ጸሐፊ «አማርኛም ወላይትኛም ትችላለች፤ ወርቅነሽን ታግዛት» ብላ ላከችኝ። እኔም ገብቼ ሳልጠየቅ ስለ ራሴ ለፈለፍኩ። መልሱ ያ ነበር።

ዛሬ እንጀራዬ ስፓኒሽ ነው። በሙያው አዲስ የሆኑ ልጆች «የት ኮሌጅ ተማርሽው?» ይሉኛል። ኮሌጅ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ትራኮማ የቆየበት ሰው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዓይኑ በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። ሰው በወረንጦ ይነቅለዋል፤ ተመልሶ ይበቅላል፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ዓይን ይጠፋል። ሐኪሙ የዓይኑን ቆብ በመርፌ ያደነዝዝና ሰንጥቆ፣ ገልበጥ አድርጎ ይሰፋዋል። ታካሚው አልጋ ላይ ቢጋደምም እንቅልፍ አይወስደውም። ፊቱ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሐኪሙ ራስጌ ይቀመጣል። ነርሷ ዕቃዋን ይዛ በቀኝ ትቆማለች። አስተርጓሚዋ በግራ በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጣ የታካሚውን እጅ ትይዛለች። «ወደ ታች ተመልከት»፣ «አትንቀሳቀስ»፣ «አለቀ»። ሲያዩት ቀላል ነው።

እትዬ ወርቅነሽ ደብተር ከለከለችኝ። «ሐኪሙ መቀስ ሲልሽ ገጽ ልትገልጪ ነው?» አለች። ስለዚህ ዕቃ እያጠብኩ ተማርኩ። መቀሱ ቲሄራ፣ መርፌው አጉሃ፣ መቆንጠጫው ፒንሳ። እያንዳንዱን ከሳሙናው ውሃ ሳወጣ ስሙን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ከተሳሳትኩ ተቀብላኝ መልሳ ትነክረዋለች። ጣቶቼ ተጨማደው ነበር ቤቴ የምገባው።

ከዚያ አረፍተ ነገር ጀመርን። መጥረጊያ ይዤ «እየጠረግኩ ነው» እላለሁ። ጥዬው «ጠረግኩ» እላለሁ። የማልሠራውን ነገር እንድናገር አትፈቅድም። አንድ ቀን «ባሕር አየሁ» ለማለት ቃሉን ብጠይቃት፣

«ያላየሽውን ምን ያናግርሻል? ባልዲውን አምጪ!» አለችኝ።

እሷ ባሕር አይታለች። በደርግ ጊዜ አባቶቻቸው ጦር ሜዳ የቀሩባቸው ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ሲላኩ፣ ሞግዚት ሆና አብራቸው ሄዳ ነበር። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ልጆቹ ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጡት። እሷ ዳቦ ለመግዛት ተሰልፋ የፊተኛዋ ሴት ያለችውን ትሰማለች፤ ቤት ገብታ የልጆቹን ልብስ እያጠበች ትደጋግመዋለች። ልጆቹ «እትዬ፣ ስፓኒሹን ወላይትኛ አደረግሽው እኮ!» እያሉ ይንከተከታሉ።

«አልተናደድሽም?» አልኳት።

«ለምን እናደዳለሁ? ሰው ሲስቅብሽ ቃሉን ድገሚለት። ሁለተኛ ሲስቅ ቃሉ የራስሽ ሆኗል።»

መንግሥት ሲቀየር አገሯ ገባች። ሶዶ ውስጥ ስፓኒሽ ከማን ጋር ይወራል? ለዓመታት ገበያ ተቀምጣ ዳጣ ሸጠች። ቋንቋው እንዳይጠፋባት በርበሬና ዝንጅብሏን እየወቀጠች ብቻዋን ስታወራ፣ ሰፈሩ «ወርቅነሽ ለቀቀች» ብሎ ነበር። የዓይን ጣቢያው ሲከፈት ነው ሰው የሆነችው። ስፔኖቹ መጀመሪያ ሲሰሟት ሳቁ፤ የወላይታ ሴት እንደ ኩባ ሰው ስታወራ የት ሰምተው ያውቃሉ? እሷም ደገመችላቸው።

በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ግን አሠራሯ ለኔ እንግዳ ነበር። ሐኪሙ «ያማት እንደሆነ ጠይቂያት» ይላታል። እሷ በወላይትኛ «ላምሽን ማን ዘንድ ትተሽ መጣሽ?» ትላለች። ታካሚዋ ስለ ላሟ፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ምራቷ ታወራለች። እትዬ ወርቅነሽ አዳምጣ ለሐኪሙ ወይ «ቀጥል» ትለዋለች ወይ «ቆይ፣ ማደንዘዣ ጨምርላት» ትለዋለች። ሌላ ቃል የለም።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ያለሽን መቼ ጠየቅሻት? ይኼ ማስተርጎም ነው?» አልኳት በግልጽ።

ሳቀችና አፏን ከፍታ አንድ የጎደለ መንጋጋ አሳየችኝ።

«ኩባ ሆኜ ጥርሴን አመመኝ። ሐኪሙ መርፌ ወጋኝና ነካ ነካ አድርጎ ‹ያምሻል?› አለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የጠፋኝ ቃል አይደለም። ግን ሊረዳኝ የቆመን ሰው ዓይኑን እያየሁ ‹አዎ ያመኛል› ልበለው? ነውር አይደል? ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ› አልኩት። ነቀለዋ!»

«በቁምሽ?»

«በቁሜ! ጩኸቴን ሰምቶ መንገደኛ ቆመ። ሐኪሙ ተቆጣ፤ ‹ታዲያ ለምን ደህና ነኝ ትያለሽ?› አለኝ። ስፓኒሽ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ለካ እነሱ ዘንድ ‹ያማል› ማለት ሰውን መውቀስ አይደለም። ወሬ ነው፤ እንደ ማንኛውም ወሬ።»

እኛ ዘንድ «ሳሮ?» ሲሉህ «ሳሮ» ነው መልሱ፤ ደህና ነህ ወይ፣ ደህና። ሐዘን የተቀመጠ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ሳሮ» ይላል፤ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሊረዳህ አገር አቋርጦ ለመጣ እንግዳማ ጭራሽ ሕመም አይነገርም።

«ስለዚህ ላሟን እጠይቃለሁ» አለች። «ያላመመው ሰው ስለ ላሙ ሲያወራ አይጠግብም። ያመመው ‹ጎረቤት አለች› ይልሽና ዝም።»

ዘመቻ በዘመቻ ስፓኒሼ ጠራ። ከዚያ ዶክተር ኤሚሊዮ መጣ። ሲሠራ አይቼ የማልጠግበው ሰው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ሲሰፋ እጁ አንዴም አይንቀጠቀጥም። ታካሚውን ራሱ ደግፎ ከአልጋ ያወርዳል። ግን ችኩል ነው፤ ውጭ የሚጠብቀውን ሰልፍ በመስኮት እያየ ነው የሚሠራው። የእትዬ ወርቅነሽ የላም ወሬ አቃጠለው።

«ወርቅነሽ፣ አንድ ቃል ነው የጠየቅኩሽ፤ የቤተሰብ ታሪክ ታመጪብኛለሽ!»

«ቀጥል ስልህ ቀጥል» አለችው። ለምን እንደሆነ አላስረዳችውም። እሷም ኩራት አለባት።

በምሳ ሰዓት ሁለታችንንም ጠራን። «ከዚህ ዘመቻ በኋላ የሚቀረው አንድ አስተርጓሚ ነው» አለ። «ነገ ልጅቷ ትቀመጥ። እኔ ያልኩትን የምትል፣ ታካሚው ያለውን የምትነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

እውነቱን ልናገር፣ በርጩማዋን ፈልጌያታለሁ። ከመጥረጊያ ወደ በርጩማ ትልቅ እድገት ነው። እትዬ ወርቅነሽ ከዚያ ከተነሳች ደግሞ የምትመለሰው ወደ ዳጣዋ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱንም አውቄ ነው «እሺ» ያልኩት። ስንወጣ እትዬ ወርቅነሽ «ነገ ፀጉርሽን በደንብ ሸፍኚ፤ ከቆቡ እየወጣ ያስጠላል» አለችኝ።

በማግስቱ አልጋው ላይ የወጣችው እማማ አስካለ ነበረች፤ ከአረካ ማዶ የመጣች ቅቤ ነጋዴ። እጇ ለስላሳ፣ አያያዟ የገበያ ሰው። እትዬ ወርቅነሽ በሩ ጋ ቆማ ጎዝ ታጥፋለች። ዶክተሩ መርፌውን ወጋ፣ ጠበቀ፣ ምላጩን አነሳ።

«ያማት እንደሆነ ጠይቂያት።»

ቃል በቃል ጠየቅኳት።

«ሳሮ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይባርካችሁ» አለች።

«ደህና ነኝ ትላለች» አልኩት።

«አየሽ? እንዲህ ነው!» አለ ለነርሷ፤ ምላጩንም ቆቡ ላይ አሳረፈ።

የእማማ አስካለ ፊት በጨርቅ ተሸፍኗል፤ አይታይም። ድምፅም አላሰማችም። ጣቶቿ ግን እጄን እንደ ወጥመድ ያዙት።

«እማማ፣ ዛሬ ቅቤውን ማን እየሸጠልሽ ነው?» አልኳት።

«ሰው አለ።»

ቅቤ ነጋዴ ስለ ቅቤዋ ተጠይቃ ሁለት ቃል!

«ዶክተር፣ አቁም» አልኩ። በአማርኛ ቢሆን «እርስዎ» እለው ነበር፤ እትዬ ወርቅነሽ ከኩባ ያመጣችው ስፓኒሽ ግን ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የሚለው።

«ምን አለች?»

«‹ሰው አለ› አለች።»

«ምን?»

«ያማታል፣ ዶክተር።»

«ያመኛል አለች?»

«አላለችም። አትልምም። ብትገድላትም እያመሰገነችህ ነው የምትሞተው። ያማታል የምልህ እኔ ነኝ።»

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። ያባርረኛል ብዬ ነበር። ምላጩን አስቀምጦ መርፌውን አነሳ፤ ጨመረላት፤ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ጣቶቿ ቀስ በቀስ ላሉ። እንደገና ስለ ቅቤው ጠየቅኳት። ኧረ እማማ አስካለ! ገበያው እንደተበላሸ፣ አንዲት ጎረቤቷ ሙዝ እያቀላቀለች እንደምትሸጥ፣ ያቺው ጎረቤት ደግሞ በመዝሙር ቡድኑ ፊት ለፊት እንደምትቆም...

«አሁንስ ምን ትላለች?»

«ሰው እያማች ነው። ቀጥል።»

ትከሻው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። ቀጠለ።

ሥራው ሲያልቅ እጁን እየታጠበ «በርጩማው ያንቺ ነው» አለኝ። «አንቺ ቀጥ ብለሽ ነገርሽኝ። ወርቅነሽ አንድም ቀን አስረድታኝ አታውቅም።»

«የነገርኩህ የሷን ነው» አልኩት። «እኔ የሰማሁት አንድ ሰው ነው። እሷ ስንቱን ሰምታለች። እሷን አስቀምጣት።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቁጭ ማለት አልወድም።»

ለጽድቅ አይደለም ያልኩት። አንድ ጠዋት ብቀመጥ ወገቤ ተቆርጦ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያች በርጩማ ላይ መቅረት አልፈለግኩም።

እጁን አደራርቆ በቀጥታ ወደ እትዬ ወርቅነሽ ሄደ። ነርሶቹ ሁሉ እየሰሙ «‹ቀጥል› የምትዪኝ ከምን አውቀሽ ነው?» አላት። የጥርሷን ታሪክ በዚያ በኩባ ስፓኒሽዋ ነገረችው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱ ስለ ላም በወላይትኛ መጠየቅ ተማረ። ነርሶቹ ሲስቁበት ይደግመዋል። በርጩማዋ የእትዬ ወርቅነሽ ሆና ቀረች።

እሷ ግን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ያዘችኝ።

«ጅል! ማን ለምኖሽ ነው? ዳጣ መሸጥ ያቃተኝ መሰለሽ?»

«አላቃተሽም።»

«ታዲያ?»

«በርጩማው አይመቸኝም እኮ።»

አየችኝ። «ወደ መጥረጊያው አትመለሺም። አሁን ወዴት ነሽ?»

«አርባ ምንጭ። ወደ ኦሞ የሚወርዱ የስፔን ቱሪስቶች እዚያ ያድራሉ አሉ። አስተርጓሚ ይፈልጋሉ።»

«ቱሪስት ጥሩ ነው» አለች መቀሱን ከውሃው እያወጣች። «እነሱ ሳትጠይቂያቸው ነው አመመን የሚሉሽ።»

ለአዳዲሶቹ የምለው ይህን ነው። ቃሉ ይገባችኋል፤ የጊዜ ጉዳይ ነው። ግን በዚያ ቋንቋ ምን ማለት እንደሚቻልና ምን እንደሚያሳፍር እስክታውቁ ድረስ ቋንቋውን አልቻላችሁም። እኔ ይህን ያገኘሁት ከእትዬ ወርቅነሽ ነው።

ዘመቻው ሲያልቅ ጋውኔን አጥቤ፣ አጣጥፌ መለስኩ። በባጃጅ መናኸሪያ ወረድኩ። የአንድ ሚኒባስ ረዳት «አርባ ምንጭ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ገባሁ። በሩን ሳበው፤ ሄድን።