ተክሌ የቆረበ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ መሐል ሜዳ ገበያ ውዬ ሻይ ልጠጣ አንድ ቤት ጎራ ስል፣ ቴሌቪዥኑ ራግቢ ያሳያል። ወጣቶቹ ይሳሳቃሉ። "ይሄ ኳስ ነው ወይስ ድብድብ?" ይላል አንዱ። ሻዬን ጠጥቼ ብወጣ ምን ነበረበት? "እኔም ተጫውቼዋለሁ" አልኩ። ሳቁ ወደ እኔ ዞረ። ከዘራዬን እያዩ "አባባ፣ የት?" አሉኝ።

"እዚሁ መንዝ ነዋ።"

"ታዲያ አሸነፋችሁ?"

"አንድም ቀን።"

ለምን ሲሉኝ "ሜዳው ድንጋይ ነበር" ብዬ ነገሩን ቆረጥኩት። ውሸት አይደለም፤ ድንጋይ ነበረ። ግን ለሱ አልነበረም።

የተማርኩት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አንድ ዓመት ዳዊት የሚባል ልጅ እግር የስፖርት አስተማሪ ተመድቦ መጣ። ሻንጣው ሲከፈት ከልብሱ ይልቅ ቦታ የያዘችው አንዲት ሞላላ ኳስ ነበረች። ኮሌጅ ሳለ ይህን ጨዋታ ተምሮ ፍቅሩ ይዞታል። በአካባቢው የተመደቡ ጓደኞቹን ለምኖ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማና በቀየትም ቡድን አስቋቋመ። ኳሷን ታቅፎ መሮጥ፣ የያዛትን ሰው አንቆ መጣል፣ ከመስመሩ ማዶ መሬት ማስነካት፤ እኛ የገባን ይኸው ነው። እኔን አምበል አደረገኝ። በትምህርቱ እምብዛም ስለነበርኩ፣ ሰው ስሜን ጠርቶ አንድ ነገር ሲያስረክበኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። መጀመሪያ ኩራቱ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ቆይቶ ደግሞ ሥጋቱ።

ሥጋቱ የመጣው ከርዕሰ መምህራችን ነው። ሜዳውን ለገብስ ይፈልጉት ነበር። ለትምህርት ቤቱ ገቢ ያመጣል፣ ልጆች ተንከባለሉበት አልተንከባለሉበት ምን ይጠቅማል ባይ ናቸው። "ዘንድሮ አንድ ጨዋታ ካላሸነፋችሁ ይታረሳል" አሉን። ቀልድ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም።

መጀመሪያ መሐል ሜዳ ሄደን በውርጭ ጣታችን ደንዝዞ ተሸነፍን። ቀጥሎ ዓለም ከተማ ወረድን። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ እየጮኸ፣ እኔ የፊቴን ወንበር ጨብጬ፣ ልጆቹ በሶ እየጨበጡ ይጎርሳሉ። ምን ዓይነት ሆድ ነው ያላቸው እያልኩ እገረም ነበር። እዚያ ደግሞ ሙቀቱ አቀለጠን፤ የደጋ ልጅ ሸሚዙን አውልቆ መሮጥ እንኳ ያፍራል። ሦስተኛውን ከመሐል ሜዳ ጋር በገዛ ሜዳችን ተጫውተን ያንንም ተሸነፍን፤ ጉሙ ወርዶ ኳሷ ማን እጅ እንዳለች አይታይም። እኔ በኃይል ተወርውሬ የጣልኩት የራሴን ሰው ነው።

የቀረን ከቀየት ጋር የምንጫወተው ብቻ ሆነ። መተማመኛችን ተክሌ ነበር፤ ጓደኛዬና የደብራችን ዲያቆን። ኳሷን ከያዘ ሰው ተንጠልጥሎበት እንኳ ይሮጣል፤ በተሸነፍንባቸውም ጨዋታዎች ያገባልን እሱ ብቻ ነው። ጨዋታው ከፋሲካ በኋላ እሑድ ረፋድ ላይ ተቆረጠ። ተራው ያልሆነበትን እሑድ ነበር የመረጥነው።

በዋዜማው ተረኛው ዲያቆን ታመመ። ሌላ ሰው ስላልተገኘ ቅዳሴው ሊታጎል ሆነ፣ ተክሌም ተጠራ። የሚቀድስ ደግሞ ይቆርባል። የቆረበ ሰው በዕለቱ አይሮጥም፣ አይተፋም፣ ደሙ እንዳይፈስ ይጠነቀቃል። በራግቢ ደግሞ ከንፈሩ ሳይደማ የወጣ ሰው አላየሁም።

ጠዋት ሜዳው ዳር ቆሜ ዓይኔን ከቤተ ክርስቲያኑ ዳገት አልነቀልኩም። ምናልባት ሌላ ዲያቆን ከሩቅ መጥቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ሜዳውን ከበበ። ተክሌ በመጨረሻ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጓል። ክው አልኩ።

ቲቸር ዳዊት "ቆረብክ?" አለው። ተክሌ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"እንግዲያው ተቀመጥ" አለው። የቲቸር ዳዊትን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ያለ ተክሌ ተጫወትን። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እኩል ነበርን። አንድ ብቻ ብንጨምር ሜዳው ሊተርፍ ነው። በዚያ መሀል ኳሷ እየነጠረች ከመስመር ወጣችና ተክሌ እግር ሥር ቆመች። አነሣት። ልቀበለው ሮጥኩ።

"ልግባ?" አለኝ በሹክሹክታ። "አንተ ግባ ካልከኝ እገባለሁ።"

ቲቸር ዳዊት ሰምቶናል፤ ግን ወደ ሌላ ዞረ። ከተክሌ ኋላ አባቱ ቆመዋል፣ ያቆረቡት ቄስም ቆመዋል። ቢገባ ድቁናው በዚያው እንደሚያበቃ ታወቀኝ። ባይገባ ደግሞ ሜዳውም አምበልነቴም ያበቃል።

"ስጠኝ" አልኩት።

ሰጠኝ። ጨዋታው ሲቀጥል ያንኑ ኳስ ታቅፌ ሮጥኩ፤ መስመሩ ጋ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ጣሉኝ። ነጥቀውኝ ሄደው አገቡ። በሰኔ ሜዳው ታረሰ፤ ቲቸር ዳዊትም በክረምቱ ተዛውሮ ሄደ፣ ኳሷን ግን ዕቃ ቤት ትቷት ነበር።

ከሻይ ቤቱ ወጥቼ ለተክሌ ደወልኩለት። አሁን ቄስ ነው፤ በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በስልክ ግን ያው ተክሌ ነው። ስለ በልጉ ዝናብ፣ ስለ ልጆቹ አወራን። ከዚያ እስከዛሬ ልጠይቀው የፈራሁትን ጠየቅኩት። "እሺ ብልህ ኖሮ እውነት ትገባ ነበር?"

"ነጠላዬን ከአፌ አውርጄ ነበርኮ" አለኝ። "አላየህም እንዴ?"

"አይቻለሁ" አልኩት። "ስጠኝ ያልኩህ ለሱ ነው።"

በመጨረሻ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለኝ።

ሜዳው ዘንድሮም ገብስ ነው። በአጠገቡ ሳልፍ ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ተራዬን ጠብቄ ተክሌ ፊት እቆማለሁ። ያኔ ኳሷን በሰጠኝ እጁ መስቀሉን ያሳልመኛል፤ እኔም በልቤ፣ እንኳንም ተሸነፍን እላለሁ።