ውሃ የሚጠጣው ጣውላ

አብዮቱ ፈንድቶ፣ ረሃቡ ግን ገና ከመካነ ሰላም ሳይወጣ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪ ዘማቾች ጀልባ ካልሠራን አሉ። ከጎጃም እህል ጭነው ዓባይን ሊያሻግሩልን ነው። እኛ እንኳን ጀልባ የሚያንሳፍፍ፣ ፊት የምንታጠብበት ውሃ አልነበረንም፤ ምንጫችን ደርቋል።

እነሱ ግን የቀርከሃ ስንጣሪ በሙጫ ደራርበው አጣበቁና ጣውላ አወጡ። ውሃ ይችል እንደሆነ ሊሞክሩም የመንግሥት መኪና ባመጣላቸው አንድ በርሜል ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት። አላህ ያሳያችሁ፣ የሰው ጉሮሮ ደርቆ ውሃ ለእንጨት! በርሜሉ ደግሞ የቆመው እኔ አጥር ሥር ነው። እኔና ጎረቤቴ ምን እናድርግ? ዘማቾቹ ለስብሰባ በሄዱ ቁጥር እየጨለፍን ወሰድን። የዚያ ሰሞን ሽሯችን ሙጫ ሙጫ ይል ነበር።

በሳምንቱ አለቃቸው ቀበሌውን ሰበሰበና ፊቱን አኮሳትሮ፣ ጣውላው ግማሽ በርሜል ውሃ መጠጣቱን አወጀ። ጎረቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ቢሆንም ተስፋ አንቆርጥም» አለ፤ «ከነገ ጀምሮ በሁለት በርሜል እንደገና እንሞክረዋለን።»

በዚያ አብዮት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ስናጨበጭብ ኖረናል። ከልባችን ያጨበጨብነው ግን ያን ቀን ነው።