በጥር የመጣ እንግዳ

ዝናሽ መልካሙን ጎንደር አራዳ የሚመላለስ ሰው ሁሉ በመልክ ያውቃታል፤ ስሟን ግን ብዙው አያውቅም። «የፋርማሲዋ ልጅ» ይሏታል። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላትን ሴት «ልጅ» ብሎ መጥራት በከተማችን ምን ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አላገባችም ማለት ነው። ጃናሞራ መካነ ብርሃን ተወልዳ፣ ጎንደር ተምራ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከመስታወት ጀርባ ቆማ መድኃኒት ሸጣለች። የሚያንገበግባት ሥራው አይደለም፤ ሰዉ ነው። ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት ኪሱ ከትቶ «ያቺን ቢጫዋን ስጭኝ» የሚል አለ። ግማሹን ውጦ ግማሹን ሊመልስ የሚመጣ አለ። የሚብሰው ግን መድኃኒቱን ከተቀበለ በኋላ ቀለበት የሌለበትን ጣቷን አይቶ «ምነው ዝም አልሽ?» የሚላት ነው። ለምን አታገቢም ማለቱ ነው። ምን ትበለው? «ከምግብ በኋላ ነው የሚዋጠው» ትለዋለች።

ማራኪ ሰፈር ያለችው የኪራይ ክፍሏም እፎይ የምታሰኝ አይደለችም። አከራይዋ አያ አስናቀው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። መብራቷ ትንሽ ካመሸ በመስኮት አንኳኩተው «ቆጣሪው እየሮጠ ነው» ይሏታል። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሁለቱም ቀን እሷ ሥራ ላይ ናት። ሚኒባሱ «ማራኪ፣ ማራኪ» ብሎ ጭኖ ግማሽ መንገድ ላይ «እዚህ ነው የምንመለሰው፣ ውረዱ» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ዕድሜ የሚያልቀው፤ ትልቅ መከራ ቢሆን ኖሮ ሰው ከንፈሩን ይመጥላት ነበር።

የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ መተግበሪያ ስልኳ ላይ የጫነችላት አብራት የምትሠራው ቤዚ ናት። ቤዚ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሁሉም ነገር ጨዋታ ነው። «የዚህ አገር ወንድ ካላየሽ የሰው አገሩ ይይሽ» አለቻት። የሰው አገሩም አያት። አንዱ ሰላም ሳይላት «ንግሥቴ» አላት። አንዱ «አገርሽ አንበሳ መንገድ ላይ ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ «ምግብ ታገኛላችሁ ወይ?» አላት፤ እሱን ስታነብ ሽሮዋ አረረ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያኮርፉ፣ ሲመጣ የሚጠፉ፣ አሥር ቀን ጽፈው በአሥራ አንደኛው የሚስታቸው ፎቶ ብቅ የሚልባቸው ነበሩ። የአገሬን ወንድ ውሸት ሸሽቼ የሰው አገር ውሸት በእንግሊዝኛ ላንብብ እንዴ እያለች ልታጠፋው ስትል ሄንድሪክ መጣ።

ሄንድሪክ የሆላንድ ሰው ነው፤ አርባ አራት ዓመቱ፣ ትዳሩን የፈታ፣ ባሕር ወደ እርሻ እንዳይገባ የሚከላከል ግድብ ጠባቂ መሐንዲስ። አይዋሽም። ይኼ ነው የማረካት፤ ይኼ ነው ያቃጠላትም። ፎቶ ስትልክለት «ደክሞሻል፣ ከዐይንሽ ሥር ያስታውቃል» ይላል። የእኛ ሰው ብትሞትም «አምሮብሻል» ነው የሚላት። መጀመሪያ ስልኩን አልጋ ላይ ወርውራ ዋለች፤ እየቆየ ግን አንጀቷን የሚያርሳት እሱ ሆነ። እሷ «እሺ» ስትል እሺ ያለች ይመስለዋል። ከእኛ አገር «እሺ» ውስጥ ስንት «እንቢ» እንዳለ ማን ይንገረው? አሥራ አንድ ወር ሙሉ ተጻጻፉ።

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን ሊያይ ጎንደር እንደሚመጣ ነገራት፤ ቀጥሎም «አባትሽን ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት እሷና ስልኳ ያውቃሉ። በጃናሞራ አንድ ወንድ፣ ያውም በጥር፣ ሰርግ በሚደራበት ወር፣ የአንዲትን ሴት አባት ማየት እፈልጋለሁ ካለ ሊያገባት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። «ከልብህ ነው?» ብላ ጻፈችለት። «እንዴታ፣ ከልቤ ነው» አለ። ከዚህ ወዲያ መጠየቅ ነውር ነው። ሴት ልጅ «ልታገባኝ ነው ወይ?» አትልም፤ ያን የሚናገሩት ሽማግሎች ናቸው። ቤዚ ብቻ «ኧረ እትዬ ዝናሽ፣ ፈረንጅ እኮ የሰው አባት ማየት ይወዳል፤ ቤተ መንግሥቱን እንደሚያየው ነው» አለቻት። ዝናሽ ሁለት ቀን አኮረፈቻት።

አሁን ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ፈረንጅ ሽማግሌ አያመጣ! ዝናሽ እያፈረች ለአከራይዋ ነገረቻቸው። አያ አስናቀው ያን ቀን ቆጣሪውን ረሱት። «ዘመድ የሌለው ሰው አይደል? እኔ ዘመዱ ነኝ» አሉና ጋቢያቸውን አሳጠቡ። በወጉ ሽማግሌ ሦስት ነው፤ አንድ መሆኑን እንዲያልፉላት አባቷን በስልክ ለመነቻቸው። አያ መልካሙ ገብስ አራሽ፣ በግ አርቢ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። «ሸጋ ነው፣ ይምጣ» አሉ። ለሄንድሪክ ግን «አከራዬ አብረውን ይሄዳሉ» ብቻ አለችው፤ እሱም ደስ አለው።

ጥምቀቱ አልፎ በሦስተኛው ቀን መኪና ተከራይተው ወጡ። አያ አስናቀው ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ የሚናገሩትን በከንፈራቸው ያጠኑ ነበር። ደባርቅን አልፈው ተራራው ላይ እንደወጡ ሄንድሪክ ጭላዳ ዝንጀሮ አየና «አቁሙልኝ» አለ። ፎቶውን አንስቶ ሲያበቃ ዝናሽን ፈንጠር አድርጎ ወሰዳት።

«ዝናሽ፣ ብዙ አሰብኩበት» አላት። «አንቺ ድንቅ ሰው ነሽ። እኔ ግን ፍቅር አልተሰማኝም። በጓደኝነት ብንቀጥል ይሻላል። ጽፌ ልልክልሽ እችል ነበር፤ ፊት ለፊት መንገር ግን አንቺን ማክበር ነው ብዬ ነው።»

ማክበር! አሥራ አንድ ወር ሙሉ የልቡን ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ይህችን አንዲት ቃል ብቻ አባቷ ደጅ በግ ከታረደ በኋላ፣ ሽማግሌው መኪና ውስጥ እየጠበቁ፣ አባትየው ቤት ሊደርሱ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው ነው የሚናገራት።

«እሺ» አለችው።

ሄንድሪክ በረጅሙ ተነፈሰ። «ስለተረዳሽኝ ደስ ብሎኛል» አለ። «አሁን አባትሽን ለማየት ቸኩያለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላየችውም። እንመለስ ብትል ምን ብላ ትመለስ? ቤቱ ጎረቤት ሞልቶበታል። ቆማ መቅረቷን ቀዬው ከለመደው ቆይቷል፤ የማይፈልጋትን ሰው እጁን ይዛ አባቷ ቤት የገባች ሴት ግን በጃናሞራ ታይታ አትታወቅም። የመጀመሪያዋ እሷ ልትሆን ነው፤ አባቷም ከዚያ ወዲያ ደጀ ሰላም ላይ ቀና ብለው አይቆሙም። አያ አስናቀው ከፊት ዞር ብለው «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እያለሁ አታፍሪም» አሏት፤ ዐይኗ የቀላው ከደስታ መስሏቸው።

ደረሱ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ኪዳነ ማርያም፣ የጎረቤት ሽማግሎች፣ ሁሉም መደቡን ይዘው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከጓዳ በር ላይ ተደራርበው ያያሉ። አያ አስናቀው እንደ ወጉ ደፍ ላይ ቆሙ፤ ለልመና የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ሄንድሪክ ግን ሰተት ብሎ ገብቶ አጎዛው ላይ ዘፍ አለ።

«ተነሥ በይው» አሉ አያ አስናቀው በጥርሳቸው።

«ትንሽ ብትቆም ጥሩ ነበር» አለችው ዝናሽ።

«ደህና ነኝ፣ ይመቻል» አለ ሄንድሪክ።

አያ አስናቀው ብቻቸውን ቆመው ተናገሩ። «ሳትሰሙን አንቀመጥም። ይህ እንግዳ አገሩ ሩቅ ነው፤ ወገኑ እኔ ነኝ። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን በእግዚአብሔር ስም እንለምናለን» አሉ፤ ሸጋ አድርገው ተናገሩ።

አያ መልካሙ እንግዳውን አዩት። «የራሱን አፍ ልስማ» አሉ። «ልጄ፣ ምን ፈልገህ መጣህ በይልኝ።»

እዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «ጉዞው እንዴት ነበር ይሉሃል» አለችው ሄንድሪክን።

«ድንቅ ነበር በያቸው» አለ። «መንገዱ ግን ወገቤን ሰብሮታል። ልጅዎ በጣም ጥሩ ጓደኛዬ ናት። እንዴት እንደምትኖሩ ለማየት ጓጉቼ ነበር።» ቀና ብሎ የጣራውን ማገር ተመለከተ። «ይህን ማን ነው የሠራው?»

ዝናሽ ወደ አባቷ ዞረች። ከገባች ጀምሮ አንድ ነገር አስባለች። በወጉ አባት በመጀመሪያው ቀን ልጁን አይሰጥም፤ «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ቀጠሮው እስኪደርስ ሄንድሪክ አገሩ ገብቷል። ቀረ ይባላል፣ የሰው አገር ሰው ነው ይባላል፣ ይረሳል።

«ልጅዎን እንዲሰጡኝ ልለምን ነው የመጣሁት ይላል» አለች።

ከጓዳ በኩል እናቷ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አንዷ ያዘቻት። አያ መልካሙ እንግዳውን አዩት፤ አሁንም አንገቱን ሰቅሎ ማገሩን ይቆጥራል። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ቆይተው አዩት።

«ንገሪልኝ» አሉ። «አልሰጥም።»

እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም። መምሬ ኪዳነ ማርያም «ኧረ አያ መልካሙ፣ ቀጠሮ እንኳ ስጧቸው» አሉ። «ቀጠሮ የለም» አሉ አያ መልካሙ። አያ አስናቀው ከዘራቸውን መሬት ላይ ጥለው ሊንበረከኩ ሲሉ አያ መልካሙ ክንዳቸውን ይዘው አነሷቸው። «አይድከሙ። ልጄን ለሰው አገር ሰው አልሰጥም። እንግዳ ናችሁና ምሳ ብሉ።»

«ምን አሉ?» አለ ሄንድሪክ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ምሳ ይቅረብ አሉ።»

ሄንድሪክ ተነሣ፤ አሁን ተነሣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና የሚያውቃትን አንዲት የአማርኛ ቃል አወጣት፦ «አመሰግናለሁ።» ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተከልክሎ የሚያመሰግን ሰው! ያን ጊዜ የቀዬው ሰው ሁሉ ልቡ ወደ ፈረንጁ ሄደ። በጉን በላ፣ «ጣፋጭ ነው» አለ፣ ከሁሉም ጋር ፎቶ ተነሣ።

ሲሸኟቸው አያ መልካሙ ልጃቸውን መኪናው ጀርባ ለብቻዋ አገኟት።

«መቼ ነው የሚሄደው?»

«ሐሙስ።»

«ሰውየው ጣራችንን ነበር የሚያየው» አሏት። ሌላ አልጨመሩም። እሷም ቀና ብላ አላየቻቸውም። ቀጠሮ ቢሰጡ ኖሮ ሰውየው ሳይመለስ የቀረባት ሴት እንደምትባል፣ ከዚያ አባቷ የከለከሏት ሴት መባል እንደሚሻላት አስበው መሆኑ የገባት ጎንደር ከገባች በኋላ ነው።

ሄንድሪክ ሐሙስ ሄደ። ጥቂት ወር ጻፈ፤ ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ ሲከፈት የሚጽፍ አልነበረም። መካነ ብርሃን ግን ነገሩን አልረሳውም። እናቷ ዐቢይ ጾሙን በሙሉ ለአባቷ ደህና ቃል ሳትመልስ ጾመች። ጎረቤቱ «ልቡ ድንጋይ ነው» አለ። የቀዬው ሴቶች ሴት ልጆቻቸው አልታዘዝ ሲሉ «አያ መልካሙ ልጃቸውን እንዳደረጉት አደርግሻለሁ» እያሉ ማስፈራራት ጀመሩ። አያ አስናቀው ኪራይ ሊቀበሉ በመጡ ቁጥር «ያ ክፉ አባትሽ» ሳይሉ አይሄዱም ነበር፤ ቆጣሪውንም እንደገና አስታወሱት። ዝናሽ ሁሉንም ሰማች። አንድ ቀን ለሁሉም እነግራለሁ ትል ነበር፤ አፏ ድረስ እየመጣ ይመለሳል። ብትናገር ማን ትሆናለች? አባቷም አንድ ጊዜ እንኳ ተናገሪ አላሏትም።

ባለፈው ዓመት ተዘግቶ የቆየው መንገድ በተከፈተ ሰሞን አያ መልካሙ ሞቱ። ዝናሽ ለቀብር ደረሰች። በማግሥቱ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ከበዋት ተቀምጠው አክስቷ፣ የአባቷ ታናሽ እህት፣ እንባዋን ጠርጋ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ወንድሜ ሸጋ ሰው ነበር። ሰው በድሎ አያውቅም። አንድ ጥፋት ግን አለበት፤ እግዜር ይቅር ይበለው። አገር አቋርጦ የለመናትን ሰው ከልክሎ ይህችን ልጅ ቆማ አስቀራት። አይደለም ወይ፣ ዝናሽ?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እውነቱን ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ትናንት ቀብረውታል።

«ነው» አለች ዝናሽ።