የህይወትን አባት በባዶ እግር ገዳም አደረስኳቸው

ወገን፣ እግሬ እንደ ድንች ተልጦ ነው ይህን የምጽፍላችሁ!

ዛሬ የፍቅረኛዬን የህይወትን አባት፣ ጋሽ ደሳለኝን፣ ከሞርሲቶ ከተማ ወዲያ ያለው ጥንታዊ ገዳም ወሰድኳቸው። እሳቸው ሆሳዕና ሱቅ ያላቸው ጉራጌ ናቸው፣ ኦርቶዶክስ። እኔ ፕሮቴስታንት ስለሆንኩ ልጄን አልሰጥም ብለዋል አሉ።

«መንገዱን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሀዲያ ውስጥ እኔ የማላውቀው ምን አለ!»

የገዳሙ የታችኛው በር ላይ «የዚህ ገዳም ሥርዓት ጠበቅ ያለ ነው፣ ጫማ ይወልቃል» ብዬ አስወለቅኳቸው፣ እኔም አወለቅኩ። ጫማ እንደሚወልቅ ሰምቻለሁ፣ የት እንደሚወልቅ ግን ማን ነገረኝ?

መንገዱ ቀላል ነው፣ ህጻን ይወጣዋል። በባዶ እግር ግን ጠጠሩ አያድርስ ነው!

ላይ ስንደርስ አንድ መነኩሴ እግራችንን አይተው ደነገጡ። «ልጆቼ፣ ጫማ የሚወልቀው እኮ እዚህ ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ነው!»

ጋሽ ደሳለኝ ዞረው አዩኝ። በቃ፣ ህይወትን አጣኋት አልኩ።

መነኩሴው የእንግዳ እግር ማጠብ ልማዳቸው ነው፣ ውሃ በሳፋ አመጡ። እኔ ሳፋውን ተቀብዬ ተንበረከክኩና የጋሼን እግር አጠብኩ። «እኛም ቸርች እግር እንተጣጠባለን» አልኳቸው።

ጋሼ እግራቸውን በነጠላቸው አደረቁ። ከዚያ «አንተ ጉረኛ፣ ሽማግሌ ላክ። አንተ ግን አብረህ እንዳትመጣ፣ ታበላሸዋለህ» አሉኝ።

እናንተስ የሚስታችሁ አባት ፊት ምን ጉድ ሠራችሁ? ጻፉልኝ እስቲ፣ የኔን የሚበልጥ ግን አይኖርም!