ያልተነገረው የፍየሎቹ ሞት

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ ፍየል እመግብ፣ በረት እጠርግ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ ክትባት የሚሞከርባቸው የገበሬ ፍየሎች ተፈለጉ። አገሬው አልሰጥም አለ። ያግባቡት የደብራችን ቄስ ናቸው፤ የቤታችን የንስሐ አባት ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ቆመው በአማርኛም በኽምጣኛም አስረዱ፤ ፍየሎቹ ተመርምረው እንደሚመለሱ ጣቢያው ቃል መግባቱንም ነገሩ። ሰው ጣቢያውን ሳይሆን እሳቸውን አምኖ ሰጠ።

ፍየሎቹ ከተወጉ ብዙም ሳይቆይ መብላት አቆሙ። አረፋ እየደፈቁ ተራ በተራ አለቁ። ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። ኃላፊው ሰብስቦን፣ ምክንያቱ እስኪጣራ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አዘዘ። ባለፍየሎቹ ሲመጡ ዘበኛው ሙከራው አላለቀም እያለ ይመልሳቸው ጀመር። ሽታውን ግን አጥር አልከለለውም።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ቄሱ መንገድ ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ፍየሎቹ አሉ?»

«የሉም አባ። ሞተዋል።»

«በምን?»

«እሱን ለእኛም አልነገሩንም።»

እሑድ ዕለት የሰሙትን ሳይደብቁ ለምእመኑ ተናገሩ፤ በጣቢያው ስም ስለሰጡትም ቃል ይቅርታ ጠየቁ።

ከክረምቱ በኋላ የፍየል ሳንባ በሽታ ገባ። ከወረዳ ክትባት መጣ፤ ይሄኛው የቆየ፣ የታወቀ ክትባት ነው። ሰው ግን መንጋውን እየነዳ ገደል ለገደል ሸሸገ። የራሳቸውን ፍየሎች ይዘው የወጡት ቄሱ ብቻ ነበሩ። ይሄ ሌላ ነው፣ አስከትቡ ብለው ቤት ለቤት ለመኑ። የሰማቸው የለም።

ሸለቆው ጥንብ በጥንብ ሆነ። የእናቴ በረት ባዶውን ቀረ። የቄሱ ፍየሎች ተረፉ፤ መትረፋቸው ግን ለእሳቸው መዘዝ ሆነ። «ድሮም የጣቢያው ሰው ናቸው» ተባለ። የንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቄስ ሄዱ። እናቴም ሄደች። ብዙ ተከራከርኳት፤ አልሰማችኝም።

ጣቢያው በመጨረሻ ሕዝብ ጠራ። ከሠራተኛው ሌላ የመጡት ቄሱ ብቻ ነበሩ። ኃላፊው የሙከራው ክትባት በመንገድ ሙቀት ነክቶት ተበላሽቶ እንደነበር ገለጸ።

«ይህን ያኔ ብትነግሩን ምን ነበረበት?» አሉ ቄሱ።

የበላይ ፈቃድ ሲጠበቅ ነው የዘገየው አለ ኃላፊው።

ቄሱ ተነሥተው ወጡ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ሲሰናበቱኝ እናቴ ደኅና መሆኗን ጠየቁኝ።