አራቱ ሞግዚቶች

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን እያወቅኩ ዘለልኳት። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ ሌላ የምነግረው ሰውም የለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አቃቂ፣ የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ሕፃናታቸውን የሚያውሉበት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሞግዚቷ አንዲት ብቻ ነበሩ፤ እትዬ ብዙነሽ፣ የባቡር ሠራተኛ ባላቸው የሞተባቸው፣ ዝምተኛ ሴት። መንግሥት ወጪውን ችሎ የሃያ ሕፃናት ቦታ ሊጨምርልን አሰበ፤ በቂ ሞግዚት መኖሩን ግን ሹም መጥቶ ያያል ተባለ። የሠራተኛ ድልድል የማወጣው እኔ ነኝ። ምን አደረግኩ? ለድግስ ድስት ከጎረቤት እንደሚዋሱት እኔ ሰው ተዋስኩ። ከፈትል ክፍል ሦስት ሴቶች አስመጥቼ፣ ነጭ ሽርጥ አስታጥቄ፣ ሕፃን አሳቀፍኳቸው። ሹሙ አይቶ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ሴቶቹም ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

ለእናቶቹ ብዬ ነው እል ነበር። እውነት ነው? እሱም ነበረበት፤ ሹሙ «ጎበዝ» ሲለኝ ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ምን ያስዋሸኛል አሁን።

ሃያዎቹ ሕፃናት መጡ። ሞግዚት የሚጨምር ግን ጠፋ፤ እኔ ባወጣሁት የድልድል ወረቀት አራት አሉና ማን ይቀጥራል? እትዬ ብዙነሽ አንዱን አዝለው ሌላውን አቅፈው ይውላሉ። ደከመኝ ባሉኝ ቁጥር ትንሽ ይታገሡ እላለሁ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፣ ተቀምጬ።

አንድ ቀን እሳቸው አንዱን ሕፃን ሲያጥቡ፣ አንዲት ዳዴ የምትል ልጅ ምድጃ ላይ የተጣደውን ወተት ስባ ክንዷ ላይ ደፋችው። ተረፈች፤ ክንዷ ግን እንደታጠፈ ቀረ።

ያው ሹም ሊመረምር መጣ። እትዬ ብዙነሽ ቀድመው እኔ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ብቻዬን እንደነበርኩ ብቻ ንገሪልኝ፤ ሌላ አልለምንሽም» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ሹሙ በፊታቸው ስንት ሞግዚት እንዳለ ጠየቀኝ።

«አራት» አልኩ።

እኔ አልኩ። ሦስቱ ሴቶች እንጀራቸውን ፈርተው ዝም አሉ፤ እኔ ምን ፈራሁ? ወንበሬን። አራት ሰው ባለበት ልጅ የተቃጠለው በጠባቂዋ ቸልተኝነት ነው ተብሎ እትዬ ብዙነሽ ተባረሩ። ፍራሻቸውን ጠቅልለው በባቡር ወደ ሞጆ ሲሄዱ እንኳ ወጥቼ አልሸኘኋቸውም።

ዛሬ አርጅቻለሁ፤ ደጄን የሚያንኳኳ የለም። ብቸኝነቱ ያመኛል፤ ግን ቅጣቴን ጨርሻለሁ ብዬ አላመካኝበትም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ የቀረውን ስትሰሙ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ያኔ፣ እትዬ ብዙነሽ በሄዱ በሳምንቱ እሑድ፣ ሳሪስ አቦ ከቅዳሴ ስወጣ የተቃጠለችው ልጅ እናት አገኘችኝ። ሁለት እጄን ይዛ ጉንጬን ሳመችኝ።

«ያችን ቸልተኛ ስላስወጣሽልን እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

አሜን አልኩ።