የአቶ ገረመው ብረት አርካዊት ሰፈር በር ሆኗል

እዚህ በስደት ከተማችን፣ በዴም ሰፈርም በአል-ሳሃፋ ሰፈርም አቶ ገረመውን የምታውቁ ሁሉ፥ ብረት አሳሪው ወንድማችን አርፈዋል። አረፉ ይባል እንጂ ግድግዳ ነው የገደላቸው። ግድግዳውንም የጣለው ሰው ነው። እኔ ጡብ ደርዳሪ ነኝ፣ ጽሑፍ አልችልበትም፤ ዝም ማለት ግን የባሰ አቃተኝ።

ዴም ያለውን አሮጌ የጡብ ፎቅ ታውቁታላችሁ፤ ወደ ባሕር ማዶ ለመሻገር የመጡ መንገደኛ ልጆቻችን ተፋፍገው የሚያድሩበት። ከዚህ አገር አብዮት በፊት መሬት ነቅነቅ ብላ ሰነጠቀችው። አቶ ገረመው ከግድግዳ ግድግዳ ብረት አሳልፈው፣ ጫፉን በውጭ በኩል በብሎን ጠፈሩት። ለአዲስ መጤ ልጅ ጓንታቸውን ሰጥተው እሳቸው በባዶ እጅ ይሠሩ ነበር።

«ደግሞ እስክትናወጥ እኛ እናልቃለን፣ ምን ያለፋናል?» ብዬ አሾፍሁ።

«ጡብ ሸክም ይችላል፣ መወዝወዝ አይችልም። የብረት መቀነቱን አጥብቀው፤ ውስጥ የሚተኛው ሰው ነው» አሉኝ።

አብዮቱ መጣ። ጎማ ሲቃጠል፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የፎቁ ባለቤት አርካዊት ሰፈር ላለው ቪላው ፈራ። ብረት ከገበያ ጠፍቶ ነበርና ከልጆቻችን ግድግዳ መዝዞ ለግቢው በር አስበየደው። አቶ ገረመው ሄደው ለመኑት።

«ሐጅ፣ እባክዎ ይመልሱት፣ ሰው ያልቃል።»

«ኸላስ፣ በቃ! ቤቱም የኔ፣ ብረቱም የኔ!»

መሬት እንደገና ስትነቃነቅ አቶ ገረመው ሮጠው ገቡ። «ያላ፣ ውጡ! ያላ!» ሲሉ ከመንገድ ማዶ ሰማሁ። ልጆቹ ሁሉ ወጡ። እሳቸው አልወጡም።

ያ ሰው ለፖሊስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሐበሻው በደንብ ስላላሰረው ነው።» ይህን ብሎ ደግሞ ለቅሶ ቤት መጣ! እንደ አገሩ ደንብ ፋትሃ የሚሉትን የለቅሶ ጸሎት ሊያደርስ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። ሐዘንተኛው አብሮ ካልዘረጋ ማጽናናቱን አልተቀበለም ማለት ነው። እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆምሁ። ዘርግቶ ዘርግቶ ሲደክመው አወረደው።

ሽማግሌዎቻችን «ኧረ ተው፣ በሰው አገር ነን» አሉኝ።

«እሳቸውስ የሞቱት የት አገር ነው?» አልኋቸው።

አሁን ዓርብ ዓርብ ቪላው በር ፊት እቀመጣለሁ። ከመስጊድ የሚመለሰውን እያቆምሁ ብየዳው ያልሸፈነውን የብሎን ጥርስ አሳየዋለሁ። «የዴም ግድግዳ ብረት ነው፤ ያሰረው ሰው በደንብ አስሮት ነበር» እላለሁ። ዘበኛው ያባርረኛል፣ እመለሳለሁ። ባለቤቱን ጎረቤቶቹ ሰላምታ እየነሱት ነው። ገና ምኑ ታይቶ!

ወንድም ጋሼ ገረመው፥ ያ ሰው በአደባባይ «እኔ ነኝ» ሳይል አልተወውም። ደህና ይሂዱ። እርስዎ ይቅር ባይ ነዎት፣ አውቃለሁ። እዚያ ቢጠይቁዎት «ይቅር ብዬዋለሁ» ይበሉ፤ በእኔ ስም ግን፣ አደራ፣ እንዳይሉ።